ዝልዝሉ ፍም ላይ ከመውጣቱ በፊት፦ ለስጋ ጥብስ ቤት ውስጥ የሚዘጋጁ ቀላል መዘፍዘፊያዎች

አጎቴ የመንዝ ሰው ነው። በግ ላይ ከጨው ሌላ ነገር ሲነሰነስ ካየ ፊቱ ይጠቁራል። «በጉ ምን በደለ?» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ብዙ ነው። ስጋው ግን የራሱ ጣዕም አለው። ያንን በቅመም ብዛት መቅበር በርግጥም በደል ነው።

ሌላው ግማሽ ላይ ግን አልስማማም። እዚህ ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥተን የምንገዛው ሁሉ ጠቦት አይደለም። ሙክት ነው ተብሎ የተሸጠልን ቤት ሲደርስ አሮጌ አውራ ሆኖ ይገኛል። ጥርሱን አይቶ መግዛት የሚችል ሰው ደግሞ በየቤቱ የለም። የከብት ስጋ ከሆነም ጭቅናና ሽንጥ ሁልጊዜ አይደርሰንም፣ ወርች ይዘን የምንመለስበት ቀን ይበዛል። እንዲህ ላለው ስጋ ትንሽ ዝግጅት ያስፈልገዋል። የኔ አያያዝ እንዲህ ነው፦ ጨው በጊዜ፣ ቅመም በልክ፣ ኮምጣጣ ነገር በሰዓት።

መጀመሪያ ጨው

ስጋን ቅመምና ሎሚ ውስጥ ካሳደሩት ጣዕሙ እስከ አጥንቱ የሚዘልቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይዘልቅም። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዘይቱም፣ ቁንዶ በርበሬውም የሚቀሩት ላዩ ላይ ነው። ወደ ውስጥ በደንብ የሚገባው ጨው ነው፣ እሱም ቀስ እያለ። የገባው ጨው ስጋው ውሃውን እንዲይዝ ያደርገዋል። እሳት ላይ ሲወጣ ቶሎ አይደርቅም ማለት ነው።

ለ1 ኪሎ ስጋ 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ማንኪያው አይቆለል፣ ልክ እስከ አፉ ይሁን። ወፍራም ቁራጭ ወይም አጥንት ያለው ጎድን ከሆነ ከማታው እሹት። ስስ ዝልዝል ከሆነ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ሎሚና ኮምጣጤ ሌላ ጸባይ አላቸው። ላዩን እንደበሰለ ያደርጉታል። ስጋውን ገልጣችሁ እዩት፤ ጠርዙ ነጣ ማለት ከጀመረ በቅቶታል። ካደረ ላዩ ይላሽቃል፣ ውስጡ ግን እንደነበረው ነው። ዝንጅብልም እርጥቡ ስጋን የሚሰብር ነገር አለው። ጥሬ ፓፓያ ከሁሉም ይብሳል። «ያለሰልሳል» ሲባል የሰሙ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ያሳድሩበትና ጠዋት ማንኪያ የሚያስፈልገው ነገር ያገኛሉ። ዝንጅብል ካስገባችሁ በጥቂቱ፣ ለአጭር ጊዜ።

አንድ ሌሊት ማሳደር የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። በግ ከታረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስጋው ይገትራል። ያኔ ቢጠበስ የትኛውም መዘፍዘፊያ አያድነውም። በዓል ቀን ጠዋት አርደን ከሰዓት ጠብሰን «ዘንድሮ በጉ ጠንካራ ነው» የምንለው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። እንዲያድር ተዉት። ሙቀቱ ያልወጣለትን ስጋ ግን በቀጥታ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ፣ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ይባስ ይጠነክራል። መጀመሪያ ነፋሻ ቦታ ተሰቅሎ ሙቀቱ ይውጣለት።

ቀኑንም አስቡበት እንጂ። ማክሰኞ ማታ ዘፍዝፎ ረቡዕ ጠዋት ፍሪጁን ከፍቶ የሚተክዝ ሰው በየሰፈሩ አለ። እኔ ቅዳሜ ማታ ነው የማዘጋጀው።

ብርዱን ደግሞ አትመኑት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ። ሆኖም ፀሐይ ከወጣች በረንዳው ይሞቃል። የተዘፈዘፈ ስጋ ቦታው ፍሪጅ ነው፣ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች። ዕቃው ብርጭቆ፣ ሸክላ ወይም ክዳን ያለው ፕላስቲክ ይሁን። ሎሚና ኮምጣጤ ያለበትን ነገር በአሉሚኒየም ሳህን አታሳድሩ። ጥቁር ፌስታልም ለምግብ የተሠራ አይደለም።

ለበግ ጎድን፦ ጦስኝ

ጦስኝ በሻይ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ያሳዝኑኛል። በራሳችን ደጋ፣ መንዝም አንኮበርም በኩል የሚበቅል ነው። ከበግ ስጋ ጋር ደግሞ የተማማሉ ይመስላሉ።

ለ1 ኪሎ ጎድን ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል። 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨዉ ይጨመራል። ጦስኙን እንዳለ አትወርውሩት። በሁለት መዳፋችሁ መሀል አድርጋችሁ ሰፌድ ላይ እሹት። ቅጠሉ እንደ ጤፍ እየደቀቀ ይወርዳል፣ እንጨት እንጨቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ያንን ጣሉት። ስጋው ላይ ከቀረ እሳቱ ላይ ይከስላል፣ አፍም ይወጋል። ከዚያ ጎድኑን በደንብ እሹት፣ አጥንትና አጥንት መሀል ጣታችሁን አስገቡ። ይደር።

ቂቤ ለምን አልጨመርኩም? ከዚህ ብርድና ከፍሪጁ ጋር ተዳምሮ ስጋው ላይ እንደ ሻማ ይረጋል። ጨውና ቅመም የነበረበትም ቦታ ተሸፍኖ ይቀራል። ቂቤ የሚወድ ሰው ጥብሱ ከእሳት ሲወርድ በኮሰረት የተነጠረ አንድ ማንኪያ ጠብ ያድርግበት። ያኔ ነው የሚያምርበት።

ለከብት ዝልዝል፦ አዋዜ

3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ያነሰ ዝንጅብል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ እስኪለወስ ድረስ ጠጅ። ጠጅ ከሌለ ውሃም ይሆናል። እዚህ አረቄ ጠብ የሚያደርጉም አሉ፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ጠብ ማለት ጠብ ነው። እንግዳችሁ መጠጥ የማይነካ ከሆነ ወይም ሙስሊም ጎረቤት ከጠራችሁ በውሃና በትንሽ ሎሚ ለውሱት። ጠጅ ወይም አረቄ ከገባበት አትደብቁ፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሁን ልብ በሉ። የቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ያ 2 የሻይ ማንኪያ የሚለው አይሠራም፣ 1 ብቻ አድርጉ። በጣታችሁ ቀምሳችሁ ጨምሩ፣ ስጋው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው ታዲያ።

በርበሬ ቶሎ ያርራል፣ ካረረ ደግሞ ይመራል። እኔ አዋዜውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹን ስስ አድርጌ ዝልዝሉን አሽበታለሁ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሌላው ግማሽ ጥሬ ስጋ ሳይነካው ለብቻው ይቀመጣል። ዝልዝሉ ከእሳት ሊወርድ 2 ደቂቃ ሲቀረው ከዚያ እቀባዋለሁ፣ የተረፈው ለማጥቀሻ ይሆናል። ማር የምትወዱ ከሆነም ልክ እንደዚሁ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው። ከመጀመሪያው ከገባ ስጋው ሳይበስል ይጠቁራል።

ለዶሮና ለጠንካራ ስጋ፦ እርጎ

የሀበሻ ዶሮን ለወጡ ተዉለት። ፍም ላይ የሚወጣው የፈረንጅ ዶሮ ነው፣ በተለይ እግሩ። ለ1 ኪሎ 2 የቡና ሲኒ እርጎ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ እርድ፣ ከፈለጋችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ። ሚጥሚጣውም ጨው ካለው ጨዉን ቀንሱ። የእርጎ ኮምጣጣነት ለስላሳ ስለሆነ ሌሊቱን ቢያድርም እንደ ሎሚ አያበላሽም። ለወርችና ለአሮጌው አውራ በግም ይሄው ነው መድኃኒቱ። የዶሮው ግን መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ አጥንቱ ጋ ወጋ አድርጉት፤ ቀይ ቀይ ካለ ይመለስ።

እንግዳ በር ላይ ቆሞ ከሆነስ? 1 ሎሚ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ 2 ማንኪያ ዘይት፣ ስስ ዝልዝል፣ 20 ደቂቃ። አለቀ።

እሳቱ ላይ

ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ነበልባል እያለ የወጣ ስጋ ጥላሸት ነው የሚሸተው። መዳፋችሁን ከሽቦው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ እስከ 4 ቆጥራችሁ ካነሳችሁ እሳቱ ደህና ነው። አገራችን በባሕር ዛፍ የተሞላ ቢሆንም ቅጠሉን ለማቀጣጠያም ቢሆን እዚህ አታምጡት። ሽታው ከስጋው አይወጣም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነውን በግ ላይ ምን አመጣው? ብርድ ነው ብላችሁም ምድጃውን ቤት አታስገቡት። የከሰል ጭስ ሳይታይ ይገድላል፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ስጋውን ከፍሪጅ አውጡና ነጭ ሽንኩርቱን በቢላ ጀርባ ጠረግ ጠረግ አድርጉለት፣ ያርራልና። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ይሄን ስል ብዙ ሰው ይከፋዋል፣ «የለፋሁበትን ቅመም ልጥረገው?» ይላል። ጨዉ ገብቷል፣ የቅመሙም ጣዕም ላዩን ይዞታል፣ አትፍሩ። እርጥብ ስጋ ፍም ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጀመሪያ ውሃው ማለቅ አለበት፣ ውሃው እስኪያልቅ ውስጡ ደርቋል። የደረቀውን በዘይት እጅ ዳበስ አድርጋችሁ አውጡት።

በመሰኪያ ሽቦ የምትሰኩ ከሆነ ደረቅ ደረቅ ቁራጮች መሀል ትንሽ ትንሽ ላት አስገቡ። ላቱ ሲንጠባጠብ እሳቱ ቦግ ይላል፤ ያኔ ወደ ጠርዝ ገፋ ማድረግ ነው፣ ውሃ መርጨት አመዱን ስጋው ላይ ያመጣል። ስስ ዝልዝል ከእያንዳንዱ ጎን 2 ደቂቃ፣ የበግ ጎድን 4 ወይም 5 ደቂቃ ይወስዳል። ከወረደ በኋላ 5 ደቂቃ ሸፈን አድርጋችሁ አሳርፉት። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይጩኹ።

ጥሬ ስጋ የነበረበትን መዘፍዘፊያ ጥብሱ ላይ መልሳችሁ አታፍስሱ። መጠቀም ከፈለጋችሁ በደንብ ይፍላ። መቆንጠጫውንም፣ ሳህኑንም ለውጡ።

የተረፈውን ለጠዋት ፍርፍር አቆዩት። የጦስኙ ጎድን ከአጥንቱ ተፍቆ፣ ቀይ ሽንኩርት ቁሌት ላይ ገብቶ፣ የትናንት እንጀራ ሲፈረፈርበት ሌላ ቅመም አያስፈልገውም። ጨውም አትጨምሩ፣ ስጋው ይዞ መጥቷል።