በግብርና ቴክኖሎጂ ለውጥ ጥናት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከወሎ ገጠር መረጃ ተሰብስቦባቸው የሚመጡ የመመረቂያ ጽሑፎችን ሳርም ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ አንድ ድምዳሜ አለ፤ «አርሶ አደሩ የተሻሻለውን ዘር ያልተቀበለው ግንዛቤ ስለሌለው ነው» የሚለው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ግሪሊችስ እ.ኤ.አ. በ1957 ዲቃላ በቆሎ በአሜሪካ ግዛቶች የተስፋፋበት ፍጥነት የተለያየው በዋናነት ትርፉ ስለተለያየ መሆኑን አሳይቷል፤ ሌላው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ሹልትዝም እ.ኤ.አ. በ1964 ድሃው ገበሬ በእጁ ያለውን ሀብት በአግባቡ እንደሚጠቀምበት ተከራክሯል። ሁለቱንም በምዕራፍ ሁለት፣ በቀደምት ጥናቶች ዳሰሳው፣ የጠቀሰ ተማሪ ምዕራፍ አራት ላይ፣ የራሱን ውጤት ሲተነትን፣ ገበሬውን አላዋቂ ያደርገዋል። ቆቦ ላይ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ አገዳው የት እንደሚሄድ ቆሞ መመልከት በበቃው ነበር፤ ቅጠል ያለው ለበሬ፣ ወፍራሙ ለማገዶ፣ ረጅሙና ቀጥ ያለው ለአጥር ይለያል። ቶሎ የሚደርሰው አጭር ዝርያ ዝናቡ ቀድሞ ባቆመ ዓመት ፍሬ ያተርፋል፤ አገዳው ግን በሬውን እስከ ክረምት አያደርስም። ስለዚህ በፍሬ ኩንታል ብቻ የተሰላ ትርፍ የገበሬው ትርፍ አይደለም። በመጠይቁ ውስጥ ስለ አገዳ አንድም ጥያቄ ሳይኖር የተጻፈ የ«ግንዛቤ» ድምዳሜ የሚያሳየው የጠያቂውን ግንዛቤ ማነስ ነው።

ሁለተኛውን ስህተት እኔም ፈጽሜዋለሁ። የግብርና ምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሃያሚና ሩታን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳብራሩት፣ የቴክኖሎጂ አቅጣጫ የመሬትና የጉልበት አንጻራዊ ዋጋን ይከተላል፤ መሬት የጠበባት ጃፓን ወደ ዘርና ማዳበሪያ፣ ጉልበት የተወደደባት አሜሪካ ወደ ማሽን አዘነበሉ። እኔም ወሎ መሬቱ ጠቦ ሰው ስለሞላበት ማሽን አያሻውም ብዬ ጻፍኩ። በኅዳር ግን ወጣቱ ዓረብ አገር ሄዶ፣ ለወንፈል የሚጠራውም ሰው የራሱ ማሳ እኩል ደርሶበት፣ የደረሰ ጤፍ አጫጅ አጥቶ ሲረግፍ ቆሜ አየሁ። የዓመቱ አማካይ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስለዚያች የአጨዳ ሳምንት ምንም እንደማይናገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዘሩን አንድ ክረምት የሞከረን ገበሬ «ተቀባይ» ብሎ መመዝገብም ስህተት ነው፤ ቢያንስ በተከታዩ ዓመት ተመልሶ መጠየቅ ይገባል።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪውን የኮክሬንን ሐሳብ፣ ማለትም ቴክኖሎጂውን ቀድሞ የያዘ ሲያተርፍ ሌላው ሲከተለው ምርት በዝቶ ዋጋ ይወድቃል የሚለውን፣ ለሽያጭ ከሚያመርት ገበሬ ውጭ እንዳለ መውሰድም አይገባም፤ ምርቱን ራሱ ተመግቦ ሐምሌ ላይ እህል ለሚሸምት ቤተሰብ የዋጋው መውደቅ እፎይታ ነው።