የፈረሰ ቤተ ክርስቲያንን ድንጋዩን ሳያነሡ መለካት

አፄ ናዖድ ጀምረው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ በ1531 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። በወሎ እንዲህ ካለ ሕንፃ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ የመሠረት መስመርና የተበተነ ጥርብ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ ግድግዳው ወዴት እንደ ተደረመሰ ስለሚናገር፣ አንሥቶ ለአጥር ማዋል ቀርቶ ጠጋ ማድረግ እንኳ ማስረጃ ያጠፋል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ክረምት ላይ ሣሩ መሠረቱን ይውጠዋል፤ ከየካቲት ወዲያ ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ። አስቀድማችሁ የደብሩን አለቃ አስፈቅዱ፤ ስለ ቦታው ቄሱንም ሼሁንም ጠይቁ፤ ከዚያ የተወሰደ ድንጋይ የማን ቤት እንደ ገባ የሚያውቁ አዛውንት አይጠፉም።

የሚያስፈልገው የ30 ሜትር መለኪያ፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ቱንቢ (በክር የሚንጠለጠል ክብደት)፣ ውሃ ልክ፣ የሚሊሜትር ወረቀትና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ በጤዛ ይፈሳል። ችካሉን ከግድግዳው ውጭ 2 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ውስጥ መቃብር ሊኖር ይችላል።

ሲባጎውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ወጥሩ፤ መቅደሱ በምሥራቅ በኩል ነውና። ሌላ ሲባጎ በቀጥተኛ (90 ዲግሪ) ማዕዘን ለማውጣት ሁለቱ ከሚገናኙበት ነጥብ ጀምራችሁ በአንዱ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል በትክክል 5 ሜትር እስኪሆን አስተካክሉ። ከዚያ በየ1 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ርዝመቱን እየቆራረጡ መለካት ስህተት ያጠራቅማል፤ በእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ብትስቱ ከ10 ልኬት በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁልጊዜ ከዜሮ ጀምራችሁ አንብቡ። ተዳፋት ላይ መለኪያውን መሬት ላይ አታስተኙት፤ 2 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት 10 ሜትሩ 10.2 ሆኖ ይነበባል። በውሃ ልክ አግድም ያዙትና ጫፉን በቱንቢ አውርዱ። ማዕዘኑ ቀጥ ነው ብሎ በግምት መሳል ከሁሉ የከፋ ነው፤ የክፍሉን ሁለት ሰያፎች (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) ለኩ። ካልተካከሉ ሕንፃው ጠማማ ነው፤ ጠማማውንም እንዳለ ሳሉት።

ሥዕሉን በ1 ለ100 አውጡ፤ 1 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር ማለት ነው። ጥርብ ድንጋዩን ሁሉ ቁጥር ስጡት፤ ቁጥሩን ግን በወረቀት ጽፋችሁ በጠጠር አስይዙት እንጂ ድንጋዩ ላይ አትጻፉ። ቅርጹ የሚጎላው በማለዳና በማታ ፀሐይ ነው፤ ያን ጊዜ ፎቶ አንሡ። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት በብሩሽ አትፈግፍጉ፤ ቅርጹም አብሮ ይላጣል።

ቅርስን ያለ ፈቃድ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ካያችሁ ባለበት ትታችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ የሥዕሉንም አንድ ቅጂ እዚያ፣ አንዱን በአቅራቢያው ባለው ደብር አኑሩ።