እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ቤተሰቦች «ቶፕ ሃት»ን እንዴት ማሳየት ይቻላል

ደሴ እናቴ ቤት በዓል ሲሆን፣ ቡናው ሲቀራረብ የድሮ ፊልም እከፍታለሁ። አንድ ጊዜ ፍሬድ አስቴርና ጂንጀር ሮጀርስ የሚሠሩበትን «ቶፕ ሃት»ን ከፍቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አክስቴ ግማሹ ላይ ሳይደርስ ተናደደች። «ሚስቱን ጥሎ ሴት ያሳድዳል!» አለች። ሰውየው እኮ ወንደላጤ ነው! የፊልሙ ሳቅ ሁሉ ያለው እዚህ ስህተት ላይ ስለሆነ፣ ሳትነግሯቸው አትክፈቱት።

እንዲህ በሏቸው። ጄሪ (ፍሬድ አስቴር) ጨፋሪ ነው፣ አላገባም። ባለትዳሩ ጓደኛው ሆራስ ነው። ዴል (ጂንጀር ሮጀርስ) የሆራስ ሚስት ጓደኛ ብትሆንም ሆራስን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ለንደን ሆቴል ውስጥ «የቱ ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ቦርሳና ከዘራ የያዘው ነው ይሏታል። ቀና ስትል ግን ቦርሳውም ከዘራውም ጄሪ እጅ ገብተዋል። እዚህ ላይ አቁሙትና ከዘራውን በጣት አሳዩ። ሠርግ ቤት የአባወራውን ከዘራ የያዘ እንግዳ አባወራ መስሎ ሲታይ ማለት ነው፤ እናቴ ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት፣ ከዚያ በኋላ ዴል ጄሪን በጥፊ ስትለው ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ጭፈራው ሲመጣ ግን ዝም በሉ። አስቴር ሲጨፍር ከራሱ እስከ እግሩ እንዲታይና ብዙ እንዳይቆራረጥ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። እኛ እስክስታ ለምደን ዓይናችን ትከሻ ላይ ይሄዳል፣ እዚህ እግር እዩ በሏቸው። ከታች ባለው ክፍል የተኛችውን ዴልን በእግሩ ድምፅ ቀስቅሶ፣ መልሳ እንድትተኛ ወለሉ ላይ አሸዋ በትኖ ቀስ ብሎ የሚጨፍርበት ቦታ ትርጉም አያስፈልገውም።

ቬኒስ ሲደርሱ አንድ ነገር ጨምሩ። የሆራስ ሚስት ማጅ፣ ዴልና ጄሪ ተጠጋግተው እንዲጨፍሩ በምልክት ትገፋፋለች። ዴል ትደነግጣለች፣ ሚስቱ ራሷ ባሏን እየሰጠቻት ይመስላታላ! ይህን ያልሰማ ሰው በፊልሙ ምርጥ ጭፈራ ላይ የዴልን ፊት ማንበብ አይችልም። የሰጎን ላባ ቀሚሷን እዩት፣ ላባው ሲበር ይታያል።

አዛውንት ካሉ «መቼ የተሠራ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። የወጣው በፈረንጆች 1935 ነሐሴ ላይ ነው፣ በእኛ 1927 መጨረሻ። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን የተደበደበችው ከሦስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1928 ነው። እኛ ቤት ይህን ስናነሳ ፊልሙ ቆሞ ወሬው ወደዚያ ሄደ፤ እንዲህ ከሆነባችሁ አትቸኩሉ፣ ይውራ።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። አቦሉን ከመክፈታችሁ በፊት ጨርሱ፣ ቶናው ለቬኒስ ይድረስ። በረካው ላይ ዴል ሌላ ሰው አግብታ ታገኟታላችሁ። አብሽሩ፣ ያጋባቸው ቄስ አይደለም፣ ቄስ መስሎ የለበሰው የሆራስ አሽከር ነው።