ድራም የሌለው ሮክ፦ ሮካቢሊና ጋራዥ ሮክ ስትጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሮካቢሊን፣ ማለትም በ1950ዎቹ አሜሪካ ሮክና የባላገር ሙዚቃ ተቀላቅለው የወጣውን ስልት፣ የጠላሁት ሳልሰማው ነው። ስሙ ሲነሳ የሚታየኝ በቅባት የተለጠፈ ፀጉር፣ የሚያብረቀርቅ ጫማና የፊልም ዳንስ ነበር። ጋራዥ ሮክ ሲባል ደግሞ የመኪና ጥገና ቤት። ለነገሩ በሁለተኛው ብዙም አልተሳሳትኩም። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሰፈር ጎረምሶች አባታቸው መኪና የሚያቆምበት ቤት ውስጥ ነበር የሚለማመዱት። ስሙ የተለመደው ግን አብዛኞቹ ባንዳቸውን በትነው ወደየሥራቸው ከሄዱ በኋላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሮዬ እስኪለምደው ሁለት ዓመት ፈጀ። ግማሹን ያባከንኩት ከዚህ በታች ባሉት ስህተቶች ነው።

ኤልቪስን ከመጨረሻው መጀመር

ኤልቪስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነጭ ልብስ ለብሶ ላስ ቬጋስ ላይ ሲዘፍን ነው። ያ ሌላ ሰው ነው በሉት። ሮካቢሊ ያለው ከዚያ በፊት፣ ጁላይ 1954 ሜምፊስ ውስጥ፣ ሳም ፊሊፕስ ባቋቋማት ሳን ሬከርድስ በምትባል ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ኤልቪስ ገና 19 ዓመቱ። ስኮቲ ሙር በጊታር፣ ቢል ብላክ በቤዝ። ለስላሳ ዘፈን ሲሞክሩ አምሽተው አልሆነላቸውም። እረፍት ላይ ኤልቪስ እየቀለደ አንድ የድሮ ብሉዝ ጀመረ፤ ሁለቱም ተከተሉት። ፊሊፕስ ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ ከመጀመሪያው እንዲደግሙትም ነገራቸው። “ዛትስ ኦል ራይት” የተባለው ዘፈን እንዲህ ተቀረጸ።

አሁን ዘፈኑን ክፈቱና ድራሙን ፈልጉ። የለም! እኔ አንድ ሰው በብሩሽ ሲመታ ይሰማኛል ብዬ ከጓደኛዬ ጋር እስከ መወራረድ ደርሻለሁ። ተበላሁ። ቢል ብላክ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን የእንጨት ቤዝ ክሩን ጎትቶ ይለቀዋል፤ ክሩ ተመልሶ እንጨቱን ይመታል። ያ ቸክ ቸክ የሚለው ነገር እሱ ነው። በዚያ ላይ ፊሊፕስ በሌሎቹ የሳን ቅጂዎች ላይ የሚታወቅበትን ዘዴ ጨምሩበት። ድምፁን በቴፕ ማሽን ይቀዳና ከቅጽበት በኋላ መልሶ ይቀላቅለዋል። ድምፃዊው ባዶ ክፍል ውስጥ የሚዘፍን የሚመስለው ለዚህ ነው። ሦስት ሰው ብቻ ሆኖ እንዴት ቤቱን እንደሚሞላው ያኔ ይገባችኋል።

የዘፈኑን ባለቤት አለመጠየቅ

ሮካቢሊ የሚለው ቃል ሮክንና ሂልቢሊን አጣብቆ የተሠራ ነው። ሂልቢሊ የተራራ ባላገር እንደማለት ነው፣ ትንሽ ስድብም አለበት። ከዚህ ተነስቶ የነጭ ባላገር ሙዚቃ ነው ብሎ የሚያልፍ አለ። ኤልቪስ ያን ማታ የቀለደበት ዘፈን ግን የአርተር ክሩዳፕ ነው። ክሩዳፕ ጥቁር የብሉዝ ሰው ነው፣ ዘፈኑን የቀረጸው በ1946። የሚገባውን ገንዘብ ሳያገኝ ነው የሞተው። የሱን ቅጂ ከኤልቪስ ቀጥላችሁ ስሙት። ምን እንደተወሰደና ምን እንደተጨመረ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

በዓመቱ አለመጠንቀቅ

ይሄኛው ያቃጥለኛል። አንድ ጊዜ “ምርጥ የሮካቢሊ ስብስብ” የሚል ሲዲ በደህና ዋጋ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ የ1950ዎቹ ፎቶ አለ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ድራሙ ይደበድባል፣ ጊታሩ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ድምፃዊው ደግሞ የደከመው ይመስላል። ለካ ዘፋኞቹ በስተርጅና እንደገና የቀረጹት ነው። በጣም ትንሽ ፊደል ከጀርባው ተጽፎ አገኘሁት።

ይህ ዛሬ በኢንተርኔት የሙዚቃ ማጫወቻዎችም ላይ ሞልቷል። ብዙዎቹ ድምፃውያን የታወቁበትን ዘፈን በኋላ ለሌላ ኩባንያ ደግመው ቀርጸዋል። ካርል ፐርኪንስ “ብሉ ስዊድ ሹስ”ን ምን ያህል ጊዜ እንደደጋገመው ቆጥሬ አልጨረስኩም። እናንተ የምትፈልጉት በ1955 መጨረሻ ለሳን የቀረጸውን ነው። የተለቀቀበትን ዓመትና የኩባንያውን ስም ሳታዩ ማጫወቻውን አትጫኑ።

ጥራት መፈለግ

ጋራዥ ሮክ የከበዳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ይሉኛል፦ “ቀረጻው ተበላሽቷል።” አዎ፣ ተበላሽቷል። ኪንግስመን የሚባሉ ልጆች በ1963 ፖርትላንድ ውስጥ “ሉዊ ሉዊ”ን ሲቀርጹ ማይኩ ከላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ድምፃዊው ጃክ ኢሊ አንገቱን ቀና አድርጎ እየጮኸ ዘፈነ። ጥርሱ ላይ ደግሞ ማስተካከያ ሽቦ ነበረው። ግጥሙ አይሰማም። አንዳንድ ወላጆች አለመሰማቱን ብልግና ለመደበቅ ነው ብለው ከሰሱ። ኤፍቢአይ መረመረው፣ በቀልድ አይደለም፣ እውነተኛ ምርመራ። በመጨረሻ በየትኛውም ፍጥነት ቢጫወት ግጥሙ አይለይም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ግጥሙ ደግሞ አንድ መርከበኛ ጃማይካ ያለች ፍቅረኛውን እንደናፈቀ ለመጠጥ ቀጂው ሲያወራ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ደራሲው ሪቻርድ ቤሪ መብቱን በ750 ዶላር ሸጦት ነበር።

ሁለተኛው ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ከጊታር ሶሎው በኋላ ኢሊ ቀድሞ ይገባል። አንድ ቃል ይልና ይደነግጣል፣ ያቆማል። ድራመሩ ቶሎ ብሎ ክፍተቱን ይሸፍንለታል። እንደገና አልቀረጹትም። ያ ዘፈን በአሜሪካ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በኋላ የደገሙት ባንዶችም ስህተቱን አብረው አጠኑት።

ጊታር ተጫዋቹ ሊንክ ሬይ ደግሞ ድምፁን ሆን ብሎ ነው ያበላሸው። የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ በሳሳው። በ1958 የወጣው “ራምብል” ግጥም የለውም፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ወጣቱን ለጠብ ያነሳሳል ብለው ከለከሉት።

አልበም ማሳደድ

የእነዚህ የጋራዥ ልጆች ዕድሜ አንድ ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ነው። ከፊት አንድ ዘፈን፣ ከኋላ አንድ፣ ከዚያ መጥፋት። ስለዚህ ስብስብ ፈልጉ። ሌኒ ኬይ በ1972 ያዘጋጀው “ነጌትስ” 27 ዘፈን አለው፣ ከዚያ የተሻለ በር አላውቅም። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባን የድሮ ሸክላዎች ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” ብሎ በሲዲ ባያወጣቸው ኖሮ ስንቱ የውጭ ሰው ይሰማቸው ነበር? መቼም የኢትዮጵያ ኤልቪስ የሚባለው ዓለማየሁ እሸቴም እዚያ ውስጥ አለ። ፀጉሩ ኤልቪስ ነው። ጩኸቱ ግን በኔ ጆሮ ወደ ጄምስ ብራውን ያደላል።

የነጭ አሜሪካዊ ወንዶች ብቻ ማድረግ

ዘፋኟን ዋንዳ ጃክሰንን ያልሰማ ሮካቢሊ ሰማሁ አይበል። “96 ቲርስ” የተባለውን ዘፈን በ1966 በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ያደረሱት ሚሺጋን ያደጉ የሜክሲኮ ተወላጅ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ሎስ ሳይኮስ የሚባሉት ባንድ ደግሞ ሊማ፣ ፔሩ ውስጥ በ1965 ባቡር ጣቢያ እናፍርስ እያሉ ይጮሁ ነበር።

አዲሶቹን በአለባበስ መመዘን

ስትሬይ ካትስ የሚባሉት ባንድ ከኒውዮርክ አካባቢ ተነስተው በ1980 ለንደን ሲሄዱ ፀጉራቸው ነው የታየው። ከመካከላቸው ብሪያን ሴትዘር ጊታሩን ባይችል ኖሮ ፀጉሩ የትም አያደርሰውም ነበር። ዋይት ስትራይፕስ የሚባሉት ባንድ “ኤሌፋንት” የተባለውን አልበማቸውን ለንደን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር፣ በድሮ ቴፕ ቀርጸውታል። ጄዲ ማክፈርሰንን በተለይ እወደዋለሁ፣ የ2010 አልበሙ ሙዚየም ሙዚየም አይሸትም።

ከሁሉም ግን ታኮማ፣ ዋሽንግተን ያፈራቻቸው ሶኒክስ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1965 ወጣ። በ2015፣ ልክ 50 ዓመት ቆይተው፣ አዲስ አልበም ይዘው መጡ። ድምፃዊው ጄሪ ሮዝሊ ያው ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለቱን አከታትዬ ከፍ አድርጌ አጫወትኳቸው። ጎረቤቴ ግድግዳውን የደበደበው በሁለተኛው ነው።