ሰርኩላር መጋዝ ሲራገጥ፣ ሲጨስ፣ ሲያጣምም፡ ችግሩ ከየት ነው፣ ምንስ ይደረጋል

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ምናምን አካባቢ ቤት እየሰራ ወይ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ፊኒሺንግ ላይ ያለ ሰው አናጢ የሚጠይቀውን ዋጋ ሲሰማ መርካቶ ወርዶ ሰርኩላር መጋዝ (ክብ ባለጥርስ ዲስክ የሚያዞር የእጅ ኤሌክትሪክ መጋዝ) ገዝቶ ይመጣል፣ ጥሩ ነው፣ ቁምሳጥንም መደርደሪያም በራስ እጅ ይሰራል። ከዛ ትንሽ ቆይቶ "ማሽኑ ቻይና ነው መሰለኝ ተበላሸ" ይላል። ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ ያለው ወይ ዲስኩ ላይ፣ ወይ እንጨቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ ወይ መብራቱ ላይ ነው። ስለዚ ጠጋኝ ጋር ከመውሰዳችሁ በፊት እነዚን ሶስቱን እዩ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት፦ ለማየትም፣ ለመጥረግም፣ ዲስክ ለመቀየርም መጀመሪያ ስፒናው ከሶኬት ይነቀል። "እጄ ማስነሻው ላይ የለም'ኮ" አይሰራም፣ ማሽኑን ገልብጣችሁ ስትይዙት እኮ ነው ማስነሻው ሳይታሰብ የሚጨበጠው።

"ይራገጣል፣ ወደኔ ይወረወራል"

ይሄ ዋናው ነው፣ ሌላውን ባታነቡ ይሄን አንብቡ። ዲስኩ ከፊት በኩል ከታች ወደላይ ነው የሚቆርጠው፣ ከኋላ በኩል ያለው ጥርስ ደሞ ወደታች ይወርዳል። የተቆረጠው ክፍተት ተመልሶ ሲገጥምና ዲስኩን ሲነክሰው ጥርሱ እንጨቱን ይዞ ይወጣበታል፣ ማሽኑ ተነስቶ ወደያዘው ሰው ይበራል። በደቂቃ 5000 አካባቢ የሚዞር ነገር ነው፣ "ቶሎ እለቀዋለሁ" የሚባል ነገር የለም፣ እጅ ሳይሰማው አልቋል።

ለምን ይነከሳል? በብዛት እንጨቱ የተቀመጠበት መንገድ ነው። ሰፈር ውስጥ የምናየው ጣውላው ጫፍና ጫፉ ሁለት ብሎኬት ላይ ተደርጎ መሀሉ ሲቆረጥ ነው። መሀሉ እየተቆረጠ ሲሄድ በራሱ ክብደት ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ የላይኛው ክፍተት ይዘጋል፣ ዲስኩ ተያዘ ማለት ነው። ኮምፔንሳቶ ወይ ኤምዲኤፍ ሙሉውን (122 በ 244 ሳንቲ) የምትቆርጡ ከሆነ መሬት ላይ አራት ሞራሌ ደርድሩና ላዩ ላይ አንጥፉት፣ ሁለቱ ሞራሌ ከመስመሩ በዚ በኩል ሁለቱ በዛ በኩል ይሁኑ፣ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ሁለቱም ቁራጭ ባለበት ይቀመጣል። ጫፍ ብቻ የምትቆርጡ ከሆነ ደሞ የሚቀረውን በደንብ እሰሩና የሚቆረጠው ጫፍ ነፃ ሆኖ ይውደቅ፣ ከታች በእጅ ወደላይ የሚደግፍ ልጅ አታቁሙ፣ እሱ ራሱ ነው ክፍተቱን የሚዘጋው፣ እጁም ዲስኩ ስር ነው ያለው።

ሁለተኛው እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይይዛል፣ በቁመቱ ስትሰነጥቁት ያ ውጥረት ይፈታና ወይ ይከፈታል ወይ ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ እርጥብ ሲሆን ደሞ ይብሳል። ቢደርቅ ይሻላል፣ ካልሆነ ትንሽ ቆርጣችሁ ማሽኑን አጥፉና ዲስኩ ሲቆም ከኋላው ክፍተቱ ውስጥ ሽብልቅ አስገቡ፣ ከዛ ቀጥሉ። ማሽናችሁ ከዲስኩ ጀርባ ቀጭን ብረት ካለው እሱ የተሰራው ለዚሁ ነው፣ "ያስቸግራል" ብላችሁ አትፍቱት።

ሌላው መሀል ላይ መስመር ስተናል ብሎ ማሽኑን መጠምዘዝ። አይጠመዘዝም። አጥፉ፣ ዲስኩ ጭራሽ እስኪቆም እዛው ያዙት፣ ከዛ አውጡና ከጀርባ ትንሽ ራቅ ብላችሁ እንደገና ግቡ። ስታስነሱም ጥርሱ እንጨት መንካት የለበትም፣ መጀመሪያ ሙሉ ፍጥነቱን ይያዝ። እየዞረ ወደኋላ መጎተት ደሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ጥልቀቱንም አስተካክሉ፣ ዲስኩ ከእንጨቱ ስር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ቢወጣ በቂ ነው። ሙሉ ዲስኩን አውጥቶ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ የሚቆርጥ ሰው ብዙ አያለሁ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ የሚነከሰውም የሚቆርጠውም ቦታ እኮ ነው የጨመረው።

አቋቋም፦ ከዲስኩ መስመር ወደጎን ቁሙ፣ ቀጥታ ከኋላው አይደለም። ሁለት እጅ። እንጨቱ በክላምፕ (ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ በሚይዝ ማሰሪያ) ይያዝ፣ ቁጢጥ ብሎ በእግር ረግጦ መቁረጥ፣ ጉልበት ላይ አድርጎ መቁረጥ፣ እነዚን ባለሙያ ነኝ የሚለው ሁሉ ሲያደርገው ስለምናይ ልክ ይመስለናል፣ አይደለም።

"የዲስኩ የታችኛው መሸፈኛ አይመለስም"

ቁርጥራጭና ሙጫ ገብቶበት ይሆናል፣ ወይ ማሽኑ ወድቆ ተጣሟል፣ ወይ ስፕሪንጉ ላልቷል። ስፒናውን ንቀሉ፣ ዲስኩን አውጡ፣ በብሩሽ ጥረጉት፣ ሙጫውን በትንሽ ላምባ በረጠበ ጨርቅ አልቅቁና በደንብ ይድረቅ። ዘይት አትቀቡ፣ ዱቄት ይሰበስባል። ከዛ በእጅ ከፍታችሁ ልቀቁት፣ ጧ ብሎ ራሱ መዝጋት አለበት። ካልዘጋ በዛ ማሽን አይሰራም በቃ።

መሸፈኛውን በሽቦ ወደላይ አስረው የሚሰሩ አሉ፣ "መስመሩን ይከልለኛል" ነው ምክንያቱ። ማስነሻውን ከለቀቃችሁ በኋላም ዲስኩ ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል፣ በዛች ሰአት ነው ማሽኑ ታፋ ጋር ተጠግቶ የሚወርደው። ያገለገለ ስትገዙ ሽቦ የታሰረበት ወይ መሸፈኛው የወለቀ ካጋጠማችሁ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

"ይጨሳል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ መግፋት ያስፈልገዋል"

መግፋት ካስፈለጋችሁ ዲስኩ ነው። ምናልባት ደንዟል፣ ምናልባት ሙጫ ይዞታል (ይሄ በላምባና በጥርስ ብሩሽ ይለቃል)፣ ምናልባት ደሞ ተገልብጦ ነው የገባው፣ አትሳቁ በጣም የተለመደ ነው። ዲስኩ ላይ ቀስት አለ፣ ማሽኑ ላይም ቀስት አለ፣ ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ። ከፊት ያለው ጥርስ ወደላይ ማየት አለበት።

ብሎኑ እምቢ ካለ በጉልበት ከመታገል አቅጣጫውን እዩ፣ የሚፈታው ዲስኩ ወደሚዞርበት ነው፣ የሚጠብቀው በተቃራኒው።

ዲስክ ስትገዙ ሶስት ነገር አንብቡ። ዲያሜትሩ፣ ለቤት በብዛት 185 ሚሊ ነው። የመሀል ቀዳዳው፣ 20 ሚሊ አለ 16 አለ 30 አለ፣ የማሽናችሁን ለክታችሁ ሂዱ፣ የዲስኩ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ አብሮት የሚሸጠውን ቀለበት አድርጉ እንጂ ቴፕ ጠቅልላችሁ አታስገቡ፣ ዲስኩ እየተወዛወዘ ነው የሚዞረው። ሶስተኛው ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከማሽኑ ዙር መብለጥ አለበት።

ከፎርምወርክ የተረፈ ጣውላና ሞራሌ ርካሽ ነው፣ ሁላችንም እንጠቀማለን፣ ግን ውስጡ ምስማር አለ፣ ላዩ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። ሲሚንቶው አዲስ ዲስክ ወዲያው ያደነዝዛል፣ ምስማሩ ደሞ የጥርሱን ጫፍ ገንጥሎ ፊት ላይ ይወረውራል። ምስማሩን ሁሉ ንቀሉ፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ካለ ማግኔት አስጠግታችሁ ፈልጉ፣ ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ ፋቁ።

እግረ መንገድ፣ ሰርኩላር የሌለው ሰው የእንጨት ዲስክ ግራይንደር ላይ ሲያስር ይታያል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11000 አካባቢ ይዞራል፣ ዲስኩ ተነክሶ ሲራገጥ የሚይዝ፣ እንደ ሰርኩላሩ እንጨቱ ላይ የሚያርፍ ሰፊ የብረት መቀመጫ የለውም፣ መሸፈኛውም ለዛ አልተሰራም። እሱን ከማድረግ የእጅ መጋዝ ይሻላል፣ ላብ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

"ዳሩ ይቦጫጨቃል"

24 ጥርስ ዲስክ ጣውላ ለመሰንጠቅ ነው፣ ለኮምፔንሳቶና ፎርማይካ 40 ወይ 60 ጥርስ ያዙ። የሚታየውን ፊት ወደታች አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጥርሱ ወደላይ ስለሚወጣ የሚቦጭቀው የላይኛውን ነው። መስመሩ ላይ ስኮች መለጠፍም ይረዳል።

"መስመሩ ይጣመማል"

በአይን ብቻ ቀጥ አይልም። ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ወይ የኤምዲኤፍ ጠርዝ በክላምፕ እሰሩና ማሽኑን እሱን አስደግፋችሁ ውሰዱ፣ ከዲስኩ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ያለውን አንዴ ለክታችሁ ማሽኑ ላይ በፓርከር ጻፉት። አሁንም ከጣመመ መቀመጫው ታጥፏል ወይ የ90 ዲግሪው ብሎን ላልቷል፣ ስኳድራ አስደግፉና እዩ።

"ድካም አለው፣ ይሞቃል፣ ብሬከር ይጥላል"

ከከተማ ወጣ ያልን ሰዎች ችግራችን ይሄ ነው። 1400 ዋት ማሽን በ220 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ትንሽ ይስባል፣ ብዙ አይደለም፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሰካበት ሰአት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን የማሽናችሁን እጥፍ ይጎትታል። ቮልቴጅ ሲወርድ ማሽኑ ይደክማል፣ ሰውየው ይገፋል፣ ሲገፋ ሞተሩ ይግላል፣ ሽታ ይመጣል። አምፖሉ ደብዘዝ ካለ ስራውን ለሌላ ሰአት አድርጉት፣ ቤት ውስጥ እንጀራ እየተጋገረም በአንድ መስመር አትስኩ፣ ብሬከሩ የሚወድቀው ለዛ ነው። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ደሞ መፍትሄ አይደለም፣ ከዛ በኋላ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ቀጥሎ ዲቫይደሩ። ለቴሌቪዥን የተገዛችውን ቀጭን ዲቫይደር ከጎረቤት ድረስ ዘርግቶ መጋዝ መሰካት፣ ማሽኑ ጋር ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ቢያንስ 1.5 ካሬ፣ ረዘም ካለ 2.5 ካሬ ገመድ ይሁን፣ የተጠቀለለ ከሆነ ደሞ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ እንደተጠቀለለ ሲሰራ ይግላል ይቀልጣል። ገመዱ ከኋላ በትከሻ ላይ ይለፍ፣ ከፊት ከሆነ አንድ ቀን ትቆርጡታላችሁ።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማሽን ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ታርጋውን አንብቡ፣ 120 ቮልት የሚል ከሆነ እኛ ጋር በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ደሞ መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ። ማስነሻውን መቆለፊያ ያለው ማሽን ካላችሁ እንደተቆለፈ ጥላችሁት ቡና ልትጠጡ ከገባችሁ፣ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች ባሉበት። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ስፒና ይነቀል፣ ከዛ ነው መብራት ሃይል የሚሰደበው።

ማሽኑን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ወዲያው ተዉት። ገመዱ ተልጦ ይሆናል፣ ማሽኑ ዝናብ ነክቶት ይሆናል። ክረምት ላይ ጭቃ ላይ ቆሞ መቁረጥ አይሆንም፣ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር (መብራት ወደ ሰው ወይ ወደ መሬት ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ) ቤታችሁ ከሌለ ኤሌክትሪሻን ሲመጣ አስገጥሙ።

"ከሞተሩ ብልጭታ ይወጣል"

ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። ቢጫ ሆኖ ዙሪያውን የሚዞር እሳት ከሆነ ወይ ማሽኑ መታ መታ ሲያደርጉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ (ለሚዞረው ሞተር መብራት የሚያደርሰው ጥቁር ቁራጭ) አልቋል። ብዙ ማሽን ላይ በሁለት ጎን በጠመንጃ መፍቻ የሚፈታ ክዳን አለ፣ ካርቦኑን አውጡና እዩት፣ 5 ሚሊ ገደማ ከቀረው ቀይሩት፣ ሁለቱንም በአንዴ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ በልኩ ግዙ። አዲስ ገብቶም እሳቱ ካልቀረ ሮተሩ (የሞተሩ የሚዞረው ክፍል) ነው፣ እሱ የጠጋኝ ስራ ነው፣ የሮተሩን ዋጋ ከአዲስ ማሽን ጋር አወዳድሩ።

ሰው ከተቆረጠ

ንፁህ ጨርቅ፣ ጠንካራ ጫና፣ እጁ ከልብ በላይ ከፍ ይበል። ጣት ከተቆረጠ በእርጥብ ንፁህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩን በረዶ ላይ፣ ጣቱ ራሱ በረዶ አይንካ። ቡና ዱቄት ምናምን አትነስንሱበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ጎረቤት መኪና ካለው ግን አትጠብቁ፣ በየትኛው መንገድ የትኛው ሆስፒታል እንደምትደርሱ ስራ ሳትጀምሩ እወቁት።

"ማታ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ያስለኛል"

ጫጫታውና ዱቄቱ ነው። የጆሮ መከላከያና መነፅር ርካሽ ነው፣ ሁለቱም ይደረጉ፣ መነፅሩ ከጎንም የሚዘጋ ይሁን። የኤምዲኤፍ ዱቄት በጣም ደቃቅ ነው ሙጫም አለው፣ ስካርፍ ፊት ላይ ማሰር አያቆመውም፣ ደህና ማስክ ያስፈልጋል። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የእጅ ጓንት ሲቆረጥ ይውለቅ፣ ዲስኩ ክር ከያዘ እጅን ይዞ ነው የሚሄደው። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ከመቁረጥ ግቢ ውረዱና ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ስትጨርሱ ደሞ ደረቁን አትጥረጉት፣ ውሃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ፣ መጀመሪያ ግን ስፒናውን ንቀሉና ገመዱን ከውሃው አርቁ።