የድሮ ሸክላና ካሴት ስትለቅሙ እነዚህን አትሳሳቱ

ሰሞኑን ሸክላ ፋሽን ሆኗል መሰለኝ፣ ማጫወቻ የሌለው ሁሉ እየገዛ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ይመቻችሁ፣ ግን ለመስማት ከሆነ የምትገዙት እነዚህን ነገሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሽፋን አይቶ ብር መቁጠር። ቸርችል ጎዳናም በሉት ምናለሽ ተራ፣ ሽፋኑ የጥላሁን ሆኖ ውስጡ የግሪክ ዘፈን ሊወጣ ይችላል። ሸክላውን አውጡና መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፣ ከዛ ብርሃን ጋ ወስዳችሁ አጋድማችሁ እዩት። ጭረት ሁሉ እኩል አይደለም፤ ፀጉር የምትመስለው ላይ ላዩን ናት ብዙም አትሰማም፣ ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የሚይዘው ግን መርፌ ያዘልላል። ጠርዙ ከጎበጠም ተዉት፣ "ይስተካከላል" ቢሏችሁም እሺ እንዳትሉ።

ሌላው አምሃ ሬከርድስ የሚል ሲያዩ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው። አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ የጀመረ ሰው ነው፣ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አውጥቷል፣ ክብሩ አይነካም። እኔም የአለማየሁ እሸቴን ጩኸት ከየትም ዘፈን አላወዳድረውም! ግን ሰው ሲያጫውተው ኖሮ ያለቀ ሸክላ እንደ ጥብስ ነው የሚንጫጫው፣ ዘፈኑን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ኢትዮፒክስ የሚባለው የድሮ ዘፈኖች የሲዲ ስብስብ ቁጥር 9 ሙሉውን የአለማየሁ ነው፣ ጥርት ያለ ነው።

ካሴት መናቅ ግን ከሁሉም የባሰው ነው፣ እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ኃይሉ መርጊያ በፈረንጆቹ 1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ብቻውን እየተጫወተ የቀዳውን ካሴት ማን ዞሮ አየው? አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ካሴት ቤት አግኝቶት በ2013 እንደገና ሲያሳትመው፣ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው የዓለምን መድረክ የዞረው። እና እናንተ በካርቶን የተጣለውን ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ። የኔ ተወዳጅ ሽፋን እንኳ የላትም፣ በእስክርቢቶ "ጉራጊኛ" ተብሎ ተጽፎባታል፣ ዘፋኙን አላውቀውም፣ ከበሮው የማሽን ነው፣ ሳይድ ቢ ላይ መጨረሻ ያለችው ዘፈን ግን ጭፈራው ሲጀምር ቁጭ ማለት አይቻልም። ብዙ ሰው ሳይድ ቢ ሳይደርስ ነው የሚጥለው።

ካሴት ስትገዙ ደሞ ከታች በኩል ከክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ መኖሯን እዩ፣ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል፣ ቀፎውን መቀየር ነው። ብዙ ዓመት የተቀመጠውን ወዲያው አታጫውቱ፣ በእስክርቢቶ ቀስ ብላችሁ እስከ ጫፍ አጠንጥኑና መልሱት፣ ክሩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

በአልኮል መጥረግም አለ። በተለይ ከባዱና ተሰባሪው ባለ 78 ዙር ሸክላ በአልኮል ይሟሟል፣ ዘፈኑን ነው የምትጠርጉት። ለሌላው ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ መሀሉን ወረቀት ሳታረጥቡ ክቡን ተከትላችሁ። ስታስቀምጡ አቁሙት፣ አትደራርቡ።

ዋጋ ላይ፣ ሻጩ ስልኩን አውጥቶ የዶላር ዋጋ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ እሱ ጭረት ለሌለው ነው። በእጁ ያለውን ጭረት እያሳያችሁ ተከራከሩ፣ አልቀንስም ካለ ከካርቶኑ ሁለት ሦስት ካሴት ለቅማችሁ ሂዱ።