ኢንቨርተርን ከላፕቶፕ ማዘዝ፤ ግን መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉት

የዴልታ ኤምኤስ300 ኢንቨርተርን፣ ማለትም የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ሣጥን፣ ከላፕቶፕ ለማዘዝ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ 485 (ኢንቨርተሩ መልእክት የሚቀበልበት የሁለት ሽቦ መስመር) የሚቀይር መሣሪያ፣ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎችና የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ይበቃሉ። ቀያሪው ላይ ግን አትቆጥቡ። አይሶሌትድ የሆነውን፣ ማለትም ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለየውን ግዙ። ርካሹ ሲቃጠል ላፕቶፑን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ኃይል አጥፉ። ማሳያው ጠፋ ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተር ገና ቻርጅ ይዟል። 10 ደቂቃ ጠብቁ። የቀያሪውን ፕላስ ከኢንቨርተሩ ፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ አገናኙ። ሽቦውን ከሞተሩ ገመድ አርቁት። ኋላ መልስ ካጣችሁ ሁለቱን አቀያይሩ፤ የሚቃጠል ነገር የለም።

ከዚያ ኃይል መልሱና በኢንቨርተሩ ቁልፎች ቅንብሮቹን ቀይሩ፦ ፍጥነትና ማስነሻ ትእዛዝ በአርኤስ 485 እንዲመጣ 00-20ን 1፣ 00-21ን 2 አድርጉ። 09-04ን ደግሞ 12። ይቺ ናት የምትረሳው፦ ሞድባስ የሚባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ ሁለት መልክ አለው፤ ከፋብሪካ ሲመጣ የሚናገረው በአስኪ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ሞድባስ አርቲዩ።

ፓይተን ላይ ሚኒማልሞድባስ የሚባለውን፣ በሞድባስ የሚያነጋግረውን ተጨማሪ ኮድ ጫኑ። እሱ በራሱ 19200 የመነጋገሪያ ፍጥነት ነው የሚጠቀመው፣ ኢንቨርተሩ 9600። አስተካክሉት። ኢንቨርተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቁጥር፣ አድራሻ፣ አለው፤ ለ30 ኸርዝ አድራሻ 8193 ላይ 3000 ጻፉ። 8192 ላይ 18 ስትጽፉ ሞተሩ ይነሳል፣ 1 ስትጽፉ ይቆማል።

እዚህ ስደርስ ጨረስኩ ብዬ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ላፕቶፑ እንቅልፍ ወሰደው። ሞተሩ ግን ማን ይንገረው? ስመለስ ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው የእህል ማጓጓዣ ስንዴውን ወለሉ ላይ ዘርግፎት ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። ግማሽ ቀን በአካፋ ስዝቅ ዋልኩ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ኢንቨርተሩ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል፤ ኮምፒውተሩ በሕይወት ይኑር አይኑር አይጠይቅም። እንዲጠይቅ ማድረግ የናንተ ሥራ ነው። መልእክት ሲጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሥ የሚወስነው 09-03 ከፋብሪካ ዜሮ ነው፣ ማለትም ጠባቂው ተኝቷል። 3 ሰከንድ ስጡት። 09-02ን ደግሞ 1 አድርጉት፤ ወሬ ሲቋረጥ አስጠንቅቆ ቀስ ብሎ ያቆማል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራማችሁ ዝም ማለት አይችልም። በየሰከንዱ አንድ ነገር ይጠይቅ። እኔ አድራሻ 8451ን አነባለሁ፤ ሞተሩ የሚዞርበትን ድግግሞሽ ይነግረኛል።

የአደጋ ጊዜ ቀዩ ቁልፍ በፕሮግራም አይሠራም። በሽቦ፣ ለብቻው።

አሁን ጭነት ሳይኖር ሞተሩን አስነሱና ዩኤስቢውን ንቀሉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ። ፍጥነቱ መቀነስ ካልጀመረ ወደ 09-02 ተመለሱ።